በርካሽ የተገዛችው ንግሥት

ሰሞኑን ከባልቲልድ ጋር ነው የከረምኩት። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የፍራንኮች፣ ማለትም የዛሬዋን ፈረንሳይ ይገዙ የነበሩት ሕዝቦች፣ ንግሥት የነበረች ሴት ናት። ፈረንሳዮች ባቲልድ ይሏታል። ፓሪስ ሉክሰምቡርግ መናፈሻ ውስጥ ከሌሎች ንግሥታት ጋር ሐውልቷ ቆሟል። በአጠገቧ የሚያልፍ ሰው የንጉሥ ልጅ ሳትመስለው አትቀርም።

አይደለችም። ከእንግሊዝ ምድር ባሕር አቋርጣ፣ ተሸጣ ነው የመጣችው። ከሞተች ብዙም ሳይቆይ የተጻፈው ገድሏ "በርካሽ ዋጋ" ተገዛች ይላል። ዋጋውን አይናገርም። የገዛት ኤርኪኖአልድ የሚባል የቤተ መንግሥት አዛዥ ነው። በኑስትሪያ፣ ማለትም በዛሬዋ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚፈራው ሰው እሱ ነበር።

ሥራዋ ምን እንደነበር ገድሉ በዝርዝር ይነግረናል። ለጌታዋ መጠጥ ትቀዳለች። ለትልልቆቹ ጫማ ታወልቃለች፣ እግር ታጥባለች፣ ውሃ ታቀርባለች። ይህ ሁሉ የተጻፈው ትሕትናዋን ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሥራ ብቻ ነው የታየኝ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርቻለሁ። "ታዛዥ ናት፣ ድምጿ አይሰማም" የምትባል ምስጋና አለች፤ በደንብ አውቃታለሁ። ምን አማራጭ ነበረን?

ከዚያ የኤርኪኖአልድ ሚስት ሞተች። ሰውየው ባልቲልድን ላግባ አለ። እሷ ቤቱ ውስጥ አንድ ጥግ ገብታ አሮጌ ጨርቅ ላይዋ ላይ ከምራ ተደበቀች። ሌላ ሴት እስኪያገባ ድረስ አልታየችም። ገድሉ "ለሰማያዊው ንጉሥ ራሷን ስትጠብቅ ነው" ይላል። ይሁን። ማታ ማታ በሯን በሻንጣ ደግፋ የተኛች ሴት ግን ያቺን ጥግ ማንም ሳያስረዳት ትረዳታለች።

ወደ 648 ገደማ ንጉሡ ዳግማዊ ክሎቪስ አገባት። የዝነኛው ንጉሥ የዳጎበርት ልጅ ነው፤ ገና አፍላ ጎረምሳ። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ሎተሪ የወጣላት ያስመስሉታል። የሜሮቪንጋውያን፣ ማለትም የክሎቪስ ዘር፣ ነገሥታት ግን ባሪያ ማግባታቸው ብርቅ አልነበረም። ከመኳንንት ቤት ያገባ ንጉሥ ከነአማቾቹ ነው የሚነግሠው። ዘመድ የሌላት ሚስት ግን ወንድሜን ሹምልኝ፣ አጎቴን ማርልኝ አትልም። ብቸኝነቷ ለሰውየው ጥቅም ነበር።

ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደች። ክሎታር፣ ሺልደሪክ፣ ቴውደሪክ። ሦስቱም ነግሠዋል። ንጉሡ በ657 ሲሞት ዕድሜው ከሃያ ብዙም አላለፈም፤ ትልቁ ልጅ ክሎታር ደግሞ ገና ሕፃን ነበር። ስለዚህ በልጇ ስም አገር ማስተዳደር ጀመረች።

ያኔ ያደረገችውን ነው የምወድላት። ክርስቲያን ምርኮኛ ከግዛቷ ወጥቶ እንዳይሸጥ ከለከለች። በገንዘቧም ምርኮኞች እየገዛች ነፃ አወጣች። ገድሉ "በተለይ የወገኖቿን ልጆች" ብሎ ይጨምራል፤ ወንዶችም፣ ብዙ ሴቶች ልጆችም። ባርነትን ሻረች ብለው የሚያጋንኑላት አሉ። አልሻረችም። እሷ የዘጋችው የተሸጠችበትን ዓይነት መንገድ ነው። ለአንድ ሰው ዕድሜ ይህም ይበቃል።

ብዙ ሰው የማያነሳላት ሌላ ትእዛዝ አለ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ግብር በልጆችም ላይ ይጣል ነበር። ከክብደቱ የተነሳ ወላጆች ልጃቸውን ከማሳደግ መሞቱን ይመርጡ ነበር ይላል ገድሉ። ይህን ግብር አስቀረች። ቤተ መንግሥት ተወልዳ ያደገች ሴት ብትሆን እንዲህ ያለውን ነገር መቼ ትሰማው ነበር? ገበሬ ቤት ምን እንደሚባል የሚያውቅ፣ ሲጠሩት ውሃ ይዞ የሚቀርብ ሰው ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ ግን አልለቀውም።

ከፓሪስ በስተምሥራቅ ሼል የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የሴቶች ገዳም አሠርታ ነበር። ገዳሙ ዛሬ የለም፤ በከተማው ሙዚየም ግን የእሷ ነው የሚባል የተልባ እግር ቀሚስ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ በቀለማት የሐር ክር የተጠለፈ የአንገት ሐብል አለ። ከሥሩ መስቀል ይወርዳል፣ ክብ ክብ ጌጦችም ተንጠልጥለዋል። ሁሉም ክር ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ ወርቅ የለበትም። ከወዳጇ ከአንጥረኛው ጳጳስ ከኤልጊዮስ ጋር የሚያያዝ ታሪክ አለው። እሱ ከሞተ በኋላ ለአንድ ሰው በራእይ ታይቶ "ንግሥቲቱ ጌጧን ታውልቅ" አለ ይባላል። እሷም ከአምባሮቿ በቀር ሁሉንም አውልቃ ሰጠች። ወርቁ ሄደ፣ ጥልፉ ቀረ። በራእዩ ያላመነ ሰው እንኳ የባለሙያዋን እጅ ማድነቁ አይቀርም።

ቅድስት ናት ሲሏት ግን ሁሉም አይስማማም። በእንግሊዝ አገር የተጻፈ የአንድ ጳጳስ ገድል ዘጠኝ ጳጳሳት አስገድላለች ብሎ ኤልዛቤል ይላታል። ቁጥሩን የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። በእሷ ዘመን የሊዮኑ ጳጳስ መገደሉ ግን እውነት ነው። የሕፃን ንጉሥ እናት ሆኖ እጅን ንጹሕ አድርጎ መውጣት የሚቻል አይመስለኝም።

በ665 አካባቢ መኳንንቱ የፓሪሱን ጳጳስ ሲጎብራንድን ገደሉ። የእሷ ሰው ነበር። ትበቀለናለች ብለው ስለፈሩ "ገዳም መግባት ስትመኚ ነበር፤ ይኸው ግቢ" አሏት። እምቢ ብሎም መኖር አይቻልም። ሼል ገባች። ራሷ ባሠራችው ገዳም እመምኔቷ በርቲላ እንጂ እሷ አልነበረችም። ወጥ ቤት ለእኅቶቿ ታገለግላለች፣ ሽንት ቤት ታጸዳለች። ሰውነቷ ሥራውን አልረሳውም።

እዚያ ሆና ነው የልጆቿን መርዶ የሰማችው። ክሎታር በ673 ሞተ። ሺልደሪክ አንድ መኳንንት አስሮ አስገርፎ ነበር፤ ያ ሰው በ675 አደን ላይ ቆይቶ ገደለው። እርጉዝ ሚስቱንም አብሮ። ቴውደሪክን ደግሞ ከዙፋን አውርደው፣ ጸጉሩን ላጭተው ገዳም ከተው ነበር፤ በኋላ መልሰው አነገሡት።

እሷ የሞተችው በ680 ገደማ፣ ጥር ወር መጨረሻ ላይ ነው። ገድሉ ሞቷን ሲተርክ አንዲት ትንሽ የክርስትና ልጅ እንደነበረቻት ይነግረናል። ባልቲልድ ልጅቷ አብራት እንድትሄድ ፈለገች፤ ልጅቷም በድንገት ሞታ ቀድማት ተቀበረች። ይህ እንደ በረከት ነው የተጻፈው። ወላጆች የልጆቻቸውን ሞት እንዳይመኙ ግብር ያስቀረች ሴት ናት። ይህቺን ግን ልቀበልላት አልቻልኩም።