ከእንጦጦ እስከ ኪሊማንጃሮ፦ እንዴት ተዘጋጀሁ?

ለኪሊማንጃሮ ስዘጋጅ ጓደኞቼ «አንተ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከፍታ ምን ያደርግሃል!» ይሉኝ ነበር። ትንሽ እውነት አለው። ግን አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ የኪሊማንጃሮ ጫፍ ኡሁሩ ደግሞ 5,895 ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ግማሽ ያህል ስለሚሆን ስፖርተኛም ሆንክ አልሆንክ ሰውነትህ የሚለምደው ቀን ስትሰጠው ነው።

ስለዚህ ብሬን መጀመሪያ ያፈሰስኩት ቀን ላይ ነው። በማራንጉ በኩል የ5 ቀን ርካሽ ጉዞ ነበር፤ ትቼው የ7 ቀኑን የማቻሜ መንገድ ያዝኩ። ይሄኛው ላቫ ታወር ድረስ፣ 4,600 ሜትር ገደማ ያወጣህና መልሶ ባራንኮ ካምፕ አውርዶ ከ4,000 በታች ያስተኛሃል። ለፍተህ የወጣኸውን መውረድ ያናድዳል፣ ግን ራስ ምታቴ የለቀቀኝ እዚያ ነው።

ልምምዱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ነበር፤ ቦርሳ ሙሉ ውሃ ተሸክሜ፣ አዲሱን ጫማ እያለማመድኩ። ሐኪም አማክሬ ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒትም ያዝኩ፣ መጀመሪያ ግን እቤት ሞከርኩት። ጣትን ውርር ያደርጋል፣ ሽንት ቤት ያመላልሳል፤ ይህን ድንኳን ውስጥ በሌሊት ከማወቅ እቤት ማወቅ ይሻላል። ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር።

ጃኬቱ የሳልባጅ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ከውስጥ ግን ጥጥ አትልበሱ፣ ላብ ይዞ ያበርዳል። ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ስለከለከለች ልብሴን በጨርቅ ከረጢት ቋጠርኩ። በሶና ቆሎም ይዤ ነበር፤ ከ4,000 በላይ ፓስታው አልወርድ ሲለኝ በማር የተለወሰች በሶ አዳነችኝ።

ከመሪያችን ጋር ገና ከታች አንድ ነገር ተስማማን፦ የሚንገዳገድ፣ የሚቀባጥር፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ወዲያው ይወርዳል፣ ክርክር የለም። በመጨረሻው ሌሊት ከጫፉ በፊት ካለው ካምፕ ከባራፉ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተን ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ እያስመለሰው መንገዳገድ ጀመረ። «ትንሽ ልረፍና እቀጥላለሁ» ቢልም ረዳቱ ይዞት ወረደ። ጠዋት ስንመለስ ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ተናዷል ግን ደህና ነው።

ቁልቁለቱን ደግሞ ማንም አልነገረኝም፤ ጉልበቴን የጨረሰው እሱ ነው። ሁለት ዱላ ከተራራው ሥር ባለችው ከተማ ሞሺ ላይ ተከራዩ።