«ትልቁ ባትሪ አልቆለታል» የተባለችው መኪና

የኤሌክትሪክ መኪና አልነቃ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ለትልቁ ባትሪ ነው። አይፈረድበትም። ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዘው እሱ ነው። ችግሩ ይህን ፍርሃት የሚያውቁ ሰዎች መኖራቸው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘው ሰው በዝቷል። የሚጠግነው ግን ገና ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው የደወሉልኝ። ቤተሰብ ሊጠይቁ ደሴ ሄደው ሁለት ሳምንት ቆይተዋል። ሲመለሱ ሪሞቱ አይሠራም፣ በሩ አይከፈትም። የጠሩት ባለሙያ ቆም ብሎ አያትና «ጋሼ፣ ትልቁ ባትሪ አልቆለታል፣ ለመለዋወጫ ይሽጧት» አላቸው። እኔ ጋ ሲደውሉ ደላላው ዋጋ ጠርቶ ሄዷል።

«ልጄ፣ ከመሸጤ በፊት አንተም እያት» አሉኝ።

ሪሞቱን ተቀብዬ ጎኑን ስጫነው ውስጡ የተደበቀው የብረት ቁልፍ ወጣ። እዚህ ከተማ ስንት ባለመኪና ይህ ቁልፍ እጁ ላይ እንዳለ ሳያውቅ ይነዳል! በሩን በእሱ ከፈትኩ። ዳሽቦርዱ ጨለማ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ የፕላስቲክ ክዳኑን ሳነሳ ትንሿ ባትሪ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። መልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) ሳስነካት 3.9 ቮልት አለኝ። 12 እና ከዚያ በላይ ማለት የነበረባት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ባትሪ የመቶዎች ቮልት ጉልበት ስላለው መኪናው ሲቆም ከሌላው ክፍል ተቆርጦ ይቀመጣል። ለደኅንነት ነው። መልሰው የሚያገናኙትን ትልልቅ ሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ የምታሠራቸው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። የበሩን ቁልፍ፣ መብራቱንና ኮምፒውተሮቹን የምትመግበውም እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው ሬሳ ነው። ቻርጅም አይቀበልም። ጋሼም ቻርጀሩን ሰክተው እምቢ ሲላቸው ነበር ተስፋ የቆረጡት።

ከውጭ 12 ቮልት ሰጠኋት። ዳሽቦርዱ በራ፤ የትልቁ ባትሪ መጠን 71 በመቶ ይላል። ጋሼ ቁጥሩን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ስልካቸውን አወጡና ለደላላው «ተወው፣ አልሸጥም» አሉት።

ትንሿን ጋራዥ ወስጄ ሌሊቱን ቀስ ብላ ቻርጅ እንድትሆን አደረግኩ። ጠዋት 12.6 ታነባለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ዳነች» ብሎ መልሶ ይገጥማታል። ጉልበቷን ለመፈተን ጭነት ሳስይዛት ግን በሰከንዶች ውስጥ ወደ 8 ቮልት ወረደች። ባዶዋን ብዙ ቀን ስለቆየች ውስጧ ሰልፌት የሚባለው ደረቅ ዝቃጭ ጋግሯል። ቮልቱ ይመለሳል፣ ጉልበቱ አይመለስም። መቀየር አለባት።

ኦሪጅናሉ ገበያ ላይ የለም። መኪናዋ በግለሰብ አስመጪ የገባች ስለሆነች ወኪል ብሎ የሚጠየቅም የለም። ስለዚህ የሌላ ብራንድ ምትክ ፍለጋ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን።

የመጀመሪያው ሱቅ በግማሽ ዋጋ ተራ የመኪና ባትሪ አወጣልን። «60 አምፔር ይላል፣ ያንተም 60 ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ ሻጩ። የጋሼም ዓይን ዋጋው ላይ ነው። እዚህ ጋ ነው መቆም ያለብን። ተራው ባትሪ የተሠራው የነዳጅ ሞተር ለሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መቶዎች አምፔር ይተፋል፣ ከዚያ ዲናሞው ወዲያው ይሞላዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም። ትንሿ ባትሪ የምትሰጠው በትንሽ በትንሹ፣ ለረጅም ሰዓት ነው። ደጋግማ ትወርዳለች፣ ደጋግማ ትሞላለች። አሮጌዋ ላይ ኤጂኤም የሚል ጽሑፍ ነበር። አሲዱ እንደ ውሃ አይንቦጫረቅም፤ በፋይበር ግላስ ንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተቀመጠ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ መውጣት መውረዱን ይችላል። መኪናው ቻርጅ የሚያደርግበት ቮልትም ለእሱ ተብሎ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ብራንዱ ይለወጥ፣ ዓይነቱ ግን አይለወጥ አልኳቸው። (እንደ አንዳንዶቹ የቢዋይዲ ሞዴሎች ትንሿም ባትሪ ሊቲየም ከሆነች ነገሩ ይከብዳል። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ስለምትነጋገር የተለመደው የሊድ (የእርሳስና አሲድ) ባትሪ ዝም ብሎ አይተካትም።)

ሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። አሮጌዋ ርዝመቷ 242፣ ወርዷ 175፣ ቁመቷ 190 ሚሊ ሜትር ነው። በቁመት ከበለጠች ፕላሷ ከኮፈኑ ብረት ጋር ይነካካና እሳት ይነሳል። ብታንስ ማሰሪያው አይይዛትም። ፕላሱ በተቃራኒው ጎን ከሆነ ገመዱ አይደርስም፤ ከዚያ ገመድ መቀጠል ይመጣል። በቅጥያ የነደደ መኪና አይቻለሁ፤ ስለዚህ በዚህ አልደራደርም።

ሁለተኛው ሱቅ ኤጂኤም አለው። ሦስት ነበሩ። ከመክፈላችን በፊት ሦስቱንም ለካሁ። ሻጩ ተናደደ። «ባትሪ ነው የምትገዛው ወይስ ፈተና ልታርም ነው የመጣኸው?» አለኝ። አንዱ 12.1፣ አንዱ 12.3፣ ከኋላ የወጣው 12.8። አዲስ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሲከርም ራሱን ይበላል፤ ማሸጊያው አለመከፈቱ ዋስትና አይሆንም። ሦስተኛውን ወሰድን። ኪሴ ውስጥ መልቲሜትር ባይኖር አቧራው ተጠርጎ የሚሰጠን 12.1ቱ ነበር።

መግጠሙ ቀላል ነው። ማይነስ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል። ብርቱካናማ ገመድ አይነካም፤ እሱ የትልቁ ባትሪ መስመር ነው። መኪናዋን ሳነቃት ትንሿ ላይ ያለው ንባብ ከ14 ቮልት አለፈ። ቻርጅ እየደረሳት ነው ማለት ነው።

ግን አሮጌዋን ማን ገደላት? ይህን ሳያውቁ አዲስ መግጠም ብር መጣል ነው። መኪናዋን ቆልፌ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩና የሚፈሰውን ለካሁ። 0.35 አምፔር። ተኝታ ከ0.05 ማለፍ አልነበረባትም። በ0.35 ሒሳብ ባለ 60ዋ ባትሪ በሳምንት ገደማ ባዶ ትቀራለች። ጋሼ ደሴ የቆዩት ሁለት ሳምንት ነው። ፊውዝ እየነቀልኩ ስሄድ አንዱ ላይ ንባቡ ወደቀ። ያ መስመር ወደ መስታወቱ ካሜራ ይሄዳል። የገጠመው ሰው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለው መስመር ጠልፎለታል፤ ካሜራው ሌት ተቀን ይቀርጻል።

መኪናው ሲነቃ ብቻ ወደሚሠራ መስመር አዛወርኩት። ንባቡ 0.03 ሆነ።

ጋሼ ይህን አልወደዱትም። ካሜራውን የገዙት ሰፈር ውስጥ መስታወት የሚሰብረውን ሌባ ሌሊት እንዲቀርጽላቸው ነው። የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለውና መኪናዋ ስትሄድ ብቻ የሚሞላ ካሜራ እንዳለ ነገርኳቸው። ዋጋውን ጠይቀው መጥተዋል፤ እያሰቡበት ነው።