አራት ሌሊት ባሕር ዳር

ዕቁቡ ደረሰኝና አሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችንን አንድ ጊዜ እንኳን እንደ ባለጸጋ እናክብር ተባባልን። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ከዚራ ባለው ግቢያችን ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠን አገር ስናማርጥ ከረምን። ባለቤቴ የምትፈልገው ጥንታዊ ከተማ ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ የተቀረጸ የእንጨት በር። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ሙቀት ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ባሕር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ላሙ ደሴትን አቀረብኩ። መኪና እምብዛም የለም፣ ሁሉ ነገር በአህያ ነው ስላት፣ "አህያ ለማየት ኬንያ ድረስ?" ብላ ጣለቻት።

በመጨረሻ ዛንዚባር አስታረቀን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የድንጋይ ከተማ ለእሷ፣ ባሕሩ ለእኔ። እንዲያውም በምሥራቁ ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ ዋናተኛው በእግሩ እንደሚከተለው፣ ሰሜን ያለው ኑንግዊ ግን እንዲህ እንደማያስቸግር ሳይቀር አጥንታ ነበር።

ለጉዞ ወኪሉ የደወልኩት እኔ ነኝ። "ሁለት ሌሊት ጥንታዊ ከተማ፣ ቅርስ የሆነ። ከዚያ አራት ሌሊት ባሕር ዳር። ሆቴሉ ምርጥ ይሁን!" ልጁ "ገባኝ ጋሼ" አለ። ዛንዚባር የሚለውን ቃል አልጠራሁም። በቤታችን ሦስት ሳምንት ሌላ ወሬ ስላልነበረ ድሬዳዋ በሙሉ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። ዋጋው ሲረክስ በድርድር ችሎታዬ ኮራሁ። ፓስፖርት አለመጠየቁንም ከትሕትና ቆጠርኩለት።

በቀጠሮው ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆመ። ባለቤቴ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርጋ፣ የዋና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብታ ገባች። መኪናው ግን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አልታጠፈም። የደንገጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ተያያዘው።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

"ሌላ መንገደኛ ሊጭን ይሆናል" አልኳት።

አወዳይን ስናልፍ ዝም አለች። የእሷን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሐረር ጀጎል፣ ነደባው፣ ማለትም መደቡ፣ በቀይ ምንጣፍ የተሸፈነ የሚያምር ቤት ውስጥ አወረዱን። ስልኩን አነሣሁ።

"ጋሼ፣ ጥንታዊ፣ ቅርስ የሆነ አላሉኝም? በፈረንጆቹ 2006 የተመዘገበ ነው እኮ! ግንቡ ራሱ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ!"

"ባሕሩስ?"

"ባሕር ዳር ነዋ! ጣናን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል ይዤላችኋለሁ።"

ይህን በድምፅ ማጉያ ነው የሰማችው።

የባሰው ገና ነበር። ሚስቴ አክስት አሏት፤ ቤታቸው ከእኛ ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው። ሐረር ገብቶ ዘመድ እያለ ሆቴል መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አላስረዳም። ወሬው ሻንጣችንን ሳንፈታ ደረሳቸውና ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔን አላዩኝም፤ ላለማየት ወስነው ነው የመጡት። ሻንጣው ወደ እሳቸው ቤት እንዲሄድ አዘዙ፤ የሁለቱ ሌሊት ክፍያ እዚያው ቀረ።

ማታ ከከተማው በር ውጭ ጅብ ሲመገብ ልናይ ተነሣን። ባለቤቴ በንዴት ባርኔጣዋን ብታወልቅም መነጽሩ ግንባሯ ላይ ተረስቷል። አክስትየው ትክ ብለው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት፤

"ልጄ፣ ይህ ለጅቡ ነው?"