ሥራ ፈቶ የተገኘው ግራፊክስ ካርድ

ባለፈው ክረምት የቤታችን ኮምፒውተር ጌም ሲከፈትበት መንተፋተፍ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ደኅና ይሄድና ከዚያ በኋላ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ማውሱ ከእጅ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጥቂት ቆይቶ የተሻለው መስሎ ያንኑ ይደግማል። ካውንተር ስትራይክ 2ን የሚጫወተው ታናሽ ወንድሜ «ጋሼ፣ ደግሞ ያዘው!» እያለ ሲጠራኝ ሄጄ አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ይህ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ኮምፒውተሩ ስሌቱን የሚሠራ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ለሥራ የሚፈለገውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ 16 ጊጋባይት ራም እና ምስሉን የሚሠራ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ አለው። ካርዱን ያገለገለ ስለገዛሁት ጥርጣሬዬ በቀጥታ ወደ እርሱ ሄደ። ኢቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ የሚካሄደውን ማይኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት ሳንቲም የማግኘቱን ሥራ፣ ካስቀረ በኋላ፣ ቀን ከሌሊት ሲለፉ የኖሩ ካርዶች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ መጉረፋቸው ይታወቃል፤ የእኔም ከእነዚያ አንዱ ይሆናል የሚል ስጋት አልተለየኝም። ያማከርኩት አንድ ባለሙያም ኬሱን ሳይከፍት «ወንድሜ፣ ካርዱ ደክሟል፤ ብትቀይረው ይሻልሃል» አለኝ። የአዲሱን ካርድ ዋጋ ስሰማ ለማሰቢያ አንድ ሳምንት ያስፈልገኛል ብዬ ወጣሁ። ዋጋው ያን ያህል ባይወደድ ኖሮ በዚያው ዕለት ገዝቼ፣ ከአዲስ ካርድ ጋር ያንኑ መንተፋተፍ ይዤ እቀመጥ ነበር።

ሳምንቱን ካርዱን በመመርመር አሳለፍኩት። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም የካርዱን ማንነት ይነግራል፤ የአሮጌ ካርድ ባዮስ፣ ማለትም በውስጡ የተቀመጠው መነሻ ፕሮግራም፣ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ ያገለገለ ካርድ የገዛ ሁሉ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል። የእኔ 1,408 ኮሮች ማለትም የስሌት ክፍሎች፣ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ እና 192 ቢት የሜሞሪ መስመር አሳየ፤ 1660 ሱፐር ሊኖረው የሚገባው ይኸው ነው። ካርዱ ሁሉም ክፍሎች በሚሰኩበት ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ፣ ዋና መሰኪያ ላይ በሙሉ 16 መስመሮች መገናኘቱንም አረጋገጥኩ። ስለዚህ ካርዱ ቢያንስ ሐሰተኛ አልነበረም።

ቀጥዬ አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ መከታተያ ፕሮግራም ጫንኩና ጌሙ እየሄደ ሳለ የሙቀት፣ የፍጥነት እና የሥራ ጫና ቁጥሮች በስክሪኑ ጥግ እንዲታዩ አደረግኩ። በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት፣ ማለትም ኤፍፒኤስ የሚባለውን፣ ብቻ ማየት አይበቃም። 60 ኤፍፒኤስ ማለት እያንዳንዱ ምስል በአማካይ በ16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል ማለት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ምስል በ8፣ ሌላው በ60 ሚሊሰከንድ ቢመጣ አማካዩ ያማረ ሆኖ ዓይን ግን መንተፋተፉን ያያል። ስለዚህ ከአማካዩ ይልቅ የአንድ ፐርሰንት ዝቅተኛ የሚባለውን፣ ማለትም እጅግ የዘገዩት ምስሎች የደረሱበትን ቁጥር መከታተል ይሻላል። በእኛ ኮምፒውተር አማካዩ 92 ሲሆን ይህኛው ቁጥር 31 ነበር።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ የግራፊክስ ካርዱ የሥራ ጫና ነው። ጌሙ ሲንተፋተፍ ካርዱ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሠራ ነበር፤ ሙቀቱም ከ68 ዲግሪ አያልፍም። አቅም ያጠረው ካርድ 97 ወይም 99 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ይታያል እንጂ ግማሽ ቀን እንደሚያርፍ ሠራተኛ አይሆንም። በተቃራኒው ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ይህ ለራይዘን 5 3600 የተፈቀደው የመጨረሻ ሙቀት ስለሆነ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከ4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ወደ 2.8 ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ ጫና ግን 55 ፐርሰንት ብቻ ይል ስለነበር ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ፕሮሰሰሩ አልተቸገረም ብሎ ያልፈዋል። የጌሙ ዋና ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ኮሮች ላይ ሲያርፍ የቀሩት ኮሮች ሥራ መፍታት አማካዩን ዝቅ ያደርገዋል።

ይህን ያለ ምንም ፕሮግራም ማረጋገጥ የሚቻልበት ቀላል መንገድም አለ። የጌሙን ሬዞሉሽን፣ ማለትም የምስሉን የነጥቦች ብዛት፣ ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ማውረድ ነው። ችግሩ ከካርዱ ከሆነ ሸክሙ ስለሚቀልለት ኤፍፒኤሱ በግልጽ ይጨምራል። ከፕሮሰሰሩ ወይም ከራሙ ከሆነ ግን ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ ቁጥሩ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የእኔ ከ92 ወደ 94 ብቻ ስላለ ካርዱን መጠርጠሬን በዚያው አቆምኩ። ባለሙያው ይህን ለመሞከር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም ነበር፤ የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ምክር ነው።

ኬሱን ስከፍት የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች በአቧራ ተደፍነው እንደ ብርድ ልብስ ሆነው አገኘኋቸው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው አቧራው ላይ ሌላም ነገር መጨመር አለበት፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ በዚህም የተነሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የክረምቱ ብርድ ጥቂት ይክሳል፤ የተደፈነ ማቀዝቀዣን ግን አያድንም። አቧራውን በአየር ነፋሽ ስጠርግ ፋኑ በነፋሹ ኃይል ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በጣቴ ያዝኩት።

ማቀዝቀዣውን ማውለቅ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት ማዘርቦርድ ላይ የፕሮሰሰሩ እግሮች ከራሱ ከፕሮሰሰሩ በታች ስለሚገኙ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሐል ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ከተጣበቀ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ሲስቡት ፕሮሰሰሩን ከመሰኪያው ነቅሎ ይዞት ይወጣል፤ እግሮቹም ሊጣመሙ ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድሜ ጌም በማስኬድ አሞቅኩት፤ ከዚያ አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ፣ ማቀዝቀዣውን በቀስታ ግራና ቀኝ እያዞርኩ አላቀቅኩት። የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጠርጌ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐል ላይ ካደረግኩ በኋላ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ሙቀት ወደ 78 ዲግሪ ወረደ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚመጣው መድከም በዚህ ጠፋ።

መንተፋተፉ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ከፍቼ የሜሞሪውን ገጽ ሳይ የራሙ ፍጥነት 2,400 ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ የገዛሁት ግን 3,200 ነው፤ ኮምፒውተሩን ስገጣጥም ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ የሚባል ማስተካከያ በማዘርቦርዱ ባዮስ ውስጥ ራሴ አብርቼው ነበር። ማን አጠፋው? ለዚህ መልሱ ለወራት በዓይኔ ሥር የነበረ ምልክት ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ተዛብቶ ይነሳ ነበር፤ እኔ ግን ሰዓቱን እያስተካከልኩ አልፈው ነበር። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ስላለቀች፣ መብራት ሲቋረጥ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የባዮሱ ማስተካከያም አብሮ ይጠፋ ነበር። በራይዘን 3000 ላይ ይህ እጥፍ ጉዳት አለው፤ የፕሮሰሰሩን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ውስጣዊ መስመር ፍጥነቱን ከራሙ ጋር አጣምሮ ስለሚሄድ ራሙ ሲዘገይ እርሱም ይዘገያል።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነበር። «ሁለተኛውን በኋላ እጨምራለሁ» ብዬ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ብቻ ሰክቼ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ራም በአንድ ቻናል ብቻ ሲሠራ ሁለት ግን በሁለት ቻናል ስለሚሠሩ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ እጥፍ ይሆናል። ተመሳሳዩን ፈልጌ ገዛሁና ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው መሰኪያ ላይ አስገባኋቸው፤ ባትሪዋን ቀይሬ ኤክስኤምፒውን መልሼ አበራሁ። አማካዩ ከ92 ወደ 148፣ የአንድ ፐርሰንት ዝቅተኛው ከ31 ወደ 84 ወጣ፤ ካርዱም ለመጀመሪያ ጊዜ 95 ፐርሰንት ሲሠራ ታየ። ለራሙ፣ ለፔስቱና ለባትሪዋ ያወጣሁት ሁሉ ተደምሮ ከተጠየቅኩት የካርድ ዋጋ ሩቡን አይሞላም።

ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከሥሩ አጥፍቼ እንደገና መጫኔ ምንም አልለወጠም። በሰከንድ 144 ምስል ማሳየት የሚችለው ባለ 144 ኸርዙ ሞኒተራችን በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ 60 ላይ ተቀምጦ ማግኘቴ ግን አሳፈረኝ፤ ኮምፒውተሩ 148 ምስል ቢሠራም ሞኒተሩ የሚያሳየን 60ውን ብቻ ነበርና።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድራይቨር በታደሰ ማግሥት ጌሙ ለጥቂት ደቂቃዎች ይንገዳገዳል፤ አስቀድሞ ተዘጋጅተው የተቀመጡት ሼደሮች፣ ማለትም ካርዱ ምስሉን እንዴት እንደሚስል የሚነግሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ከአሮጌው ድራይቨር ጋር አብረው ስለሚወገዱ እንደ አዲስ መዘጋጀት አለባቸው። ወንድሜ በእነዚያ ደቂቃዎች አሁንም «ጋሼ!» ብሎ ይጣራል፤ እኔም ካለሁበት ሆኜ «አንድ ዙር ተጫወትና ንገረኝ» እለዋለሁ።