ከነጭቃው

ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ አንድ የግጦሽ መስክ ላይ፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ከያዙ ሰዎች ጋር ስዞር ዋልኩ። ባለመሬቱ አስቀድሞ ፈቅዷል። የሚወጣው በአብዛኛው ምስማርና የጣሳ መክፈቻ ቀለበት ነው። መሣሪያው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መኖሩን እንጂ ዋጋውን አያውቅም። ብር ግን ጥሩ አስተላላፊ በመሆኑ ጠራ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ወሬ ሁሉ ይቋረጣል።

ድምፁ የመጣው ከአንድ አዛውንት መሣሪያ ነው። ተንበርክከው ሣሩን ከነሥሩ እንደ ክዳን ገለበጡና ጥፍር የምታህል ሳንቲም አወጡ። «ይጥረጓት፣ ዘመኗን እንያት!» ብለን ተረባረብን። እሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ አላሿትም። የአሸዋ ቅንጣት ብሩን ይፍቀዋልና ከነጭቃዋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አኖሯት። ከዚያ ቦታውንና ጥልቀቱን መዘገቡ፤ አፈሩን መልሰው ሣሩን ረገጥ ረገጥ አደረጉት። ጥቂት ቆይቼ የተቆፈረውን ቦታ ብፈልገው አጣሁት።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የአገሩ ሕግ «ውድ ሀብት» የሚባል ግኝት በ14 ቀናት ውስጥ እንዲነገር ያስገድዳል። አንዲት ብቸኛ ሳንቲም ግን ብዙውን ጊዜ በዚህ አትካተትም። ሰውየው የሚመዘግቡት በገዛ ፈቃዳቸው ነው። የተገኘችበት ካልታወቀ ቁራጭ ብር ናት፤ ከታወቀ ግን መስኩ ላይ አንድ ዘመን መንገድ ወይም ገበያ እንደነበረ ልትጠቁም ትችላለች። (ትዕግሥታቸው ግን አናድዶኛል፣ አልዋሽም።)

ነገ አጥበው ሊያሳዩን ቃል ገብተዋል። ጓደኞቻቸው ሳንቲሟ ላይ ያለው ንጉሥ ማን እንደሆነ ከወዲሁ እየተከራከሩ ነው።