ከባሕር ወለል በታች፦ በኮርንዎል የማዕድን ዳርቻ በእግር

እንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ሹል ሆኖ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገባው የኮርንዎል ጫፍ፣ ሴንት ጀስት ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ፔንዲን መብራት ቤት የሚዘልቅ የባሕር ዳርቻ አለ። ርቀቱ ከአሥር ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔ የሄድሁት ግን ከአስጎብኚ ጋር፣ በቡድን፣ በየቦታው እየተቆመ በሚካሄድ የእግር ጉዞ ዕረፍት ነው። ከላይ ሲታይ ሐምራዊ አበባ የለበሰ ገደል፣ የሚንጫጫ የባሕር ወፍ፣ እዚህም እዚያም ጣሪያው ፈርሶ የቆመ የድንጋይ ግንብ ነው። ከሥሩ ግን ቲን የተባለውን ብረትና መዳብ ለማውጣት በሰው እጅ የተቆፈሩ መተላለፊያዎች እርስ በርሳቸው እየተጠላለፉ፣ የገደሉን ግርጌ አልፈው ከባሕሩ ወለል በታች ይገባሉ። ይህን የሚያሳይ ሰው አብሮ ከሌለ ዳርቻው ውብ ሥዕል ብቻ ሆኖ ያልፋል። (ቀኖቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍሁት።)

አስጎብኚያችን በወጣትነታቸው ጊቨር በተባለው የማዕድን ማውጫ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው እንግዳ የሚያጓዙ አዛውንት ናቸው። አካሄዳቸው ዝግ ያለ፣ ንግግራቸውም ቁጥብ ነው፤ እኛ ስልካችንን አውጥተን ማዕበሉን ፎቶ ስናነሣ እሳቸው ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው መሬቱን ያዩ ነበር። ሣር እንቢ ያለው ቀላ ያለ ቦታ ሲያጋጥመን የማዕድን ትራፊ የተደፋበት መሆኑን፣ የቁጥቋጦው መስመር ድንገት ሲታጠፍም ጥንት ጋሪ የሚሄድበት መንገድ እንደነበረ ያሳዩናል። ከአጥሩ ባሻገር ሾጣጣ የብረት መረብ የተከደነባቸው ጉድጓዶች አየንና ለምን በስሚንቶ እንዳልተደፈኑ ጠየቅናቸው። ሰው እንዳይገባባቸው፣ ውስጥ የሚኖሩት የሌሊት ወፎች ግን እንደ ልባቸው እንዲወጡና እንዲገቡ ታስቦ መሆኑን ነገሩን።

መነሻችን ኬፕ ኮርንዎል የተባለው፣ ወደ ባሕሩ የገባ ኮረብታማ መሬት ነበር። በአናቱ ላይ ብቻውን የቆመው ጭስ ማውጫ ከ1864 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላ ለመርከበኞች ምልክት እንዲሆን ሳይፈርስ ቀርቷል። ቦታውን በ1987 ገዝቶ ለሕዝብ ጥቅም ያበረከተው ሄንዝ የተባለው የምግብ ኩባንያ ነው። ቲን ሲወጣበት የኖረ ኮረብታ በጣሳ በታሸገ ባቄላ ትርፍ መገዛቱ የማንም ዕቅድ ባይሆንም ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የምግብ ጣሳ የሚለበጠው በዚሁ ብረት ነውና። ከመዳብ ጋር ቀልጦ ነሐስ የሚሆነውም ይኸው ቲን ነው።

አስጎብኚያችን ከኪሳቸው ጠቆር ያለ፣ ከእንቁላል የማይበልጥ ድንጋይ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ክብደቱ ከመጠኑ ጋር ስለማይመጣጠን እጄ ሳይታወቀኝ ወደ ታች ሄደ። የቲን ማዕድን ያለበት ድንጋይ ነበር። እሳቸው እንዳብራሩት፣ ከ270 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ቀልጦ ከሥር የመጣ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ሳይወጣ ቀዝቅዞ ግራናይት ሆነ። በእሱና በዙሪያው በነበረው ጥንታዊ የጭቃ ድንጋይ ላይ ስንጥቆች ሲፈጠሩ፣ በስንጥቆቹ የተጓዘው የፈላ ውሃ ቲን፣ መዳብና አርሴኒክ እያስቀመጠ የማዕድን ሥሮችን ሠራ። ሁለቱ ድንጋዮች የሚገናኙበት መስመር እዚህ ከዳርቻው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሥሮቹ ደግሞ ዳርቻውን አቋርጠው ወደ ባሕሩ ያመራሉ። ቆፋሪዎቹ ከባሕር በታች የገቡት ሥሩ ወደዚያ ስለሄደ ነው።

ከኬፕ ኮርንዎል ወደ ሰሜን ስንጓዝ፣ ባሕሩ በስተግራችን እንዳለ፣ ኬኒጃክ ወደተባለው ጠባብ ሸለቆ ወረድን። የውሃ መዘውር ይዞሩባቸው የነበሩ ግንቦች በጅረቱ ዳር ይታያሉ። እዚህ ላይ ከማዕድን ጋር የማይገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። ከገደሉ ጫፍ ምንቃሯና እግሯ ቀይ የሆነ ጥቁር ወፍ ተነሥታ በነፋሱ ላይ ተገለባበጠች። በኮርንዎል አርማ ላይ ከማዕድን ቆፋሪና ከዓሣ አስጋሪ ጋር የተሣለችው ወፍ ናት፤ ከአካባቢው ጨርሳ ጠፍታ ከቆየች በኋላ በ2001 በራሷ ጊዜ ተመልሳለች። ቡድኑ በሙሉ በአድናቆት ሲያጨበጭብ እኔ ይህችን ወፍ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ እንዳየኋት፣ በባሌ ተራሮችም እንደምትገኝ ነገርኋቸው። አንዳንዶቹ በትሕትና ነቀነቁ እንጂ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሸለቆውን እንደወጣን ከመንገዱ አጠገብ ያለው ፍርስራሽ ዊል ኦውልስ ይባላል። ለፎቶ ያማረ ነው፤ ታሪኩ ግን ይከብዳል። በጥር 1893 ከመሬት በታች ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች አጠገቡ ወደነበረ፣ ከተተወ ዓመታት ወዳለፉትና ውሃ ወደሞላው ማዕድን ጥሰው ገቡ። ጎርፉ ሃያ ያህል ሰዎችን አሰጠመ፤ አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ምክንያቱ የካርታ ስሕተት ነው። የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው ሰሜን ከዓመት ወደ ዓመት ቀስ እያለ ቦታውን ይቀይራል፤ በአሮጌው ፕላን ላይ ይህ ልዩነት ስላልታረመ፣ የተተወው ማዕድን ሩቅ ነው ተብሎ ሲታሰብ ቅርብ ነበር። በዚያ ቦታ ላይ ቆሜ የእግሬን ሥር ሳላይ ማለፍ አልቻልሁም።

ቦታላክ የተባለው ማዕድን ማውጫ ከዚህ ዳርቻ ሁሉ በብዛት ፎቶ የሚነሣው ነው። ክራውንስ የሚባሉት ሁለት የሞተር ቤቶች ገደሉ ግርጌ፣ ማዕበሉ ሊደርስባቸው በቀረበ ዐለት ላይ ቆመዋል። የታችኛው በ1835 ተሠርቶ ውሃ ለመምጠጥ ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ የላይኛው በ1862 ቁፋሮው ካለቀው ተዳፋት ጉድጓድ ሰውና ማዕድን የሚጎተትበት ነበር። ግራናይቱን በዚያ ገደል ላይ ማውረድና መገንባት ምን ያህል እንዳደከመ ለመገመት ወደታች ማየት ይበቃል። ከባሕሩ ወለል በታች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በማዕበል ጊዜ ትላልቅ ድንጋዮች ከበላያቸው በባሕሩ አልጋ ላይ ሲንከባለሉ ይሰሙ ነበር፤ ድምፁ ከበረታባቸው ሥራቸውን ጥለው የወጡበት ጊዜም አለ።

በ1863 በዚሁ ተዳፋት ጉድጓድ ሰው የሚወርድበትና የሚወጣበት ጋሪ ሰንሰለት ተበጥሶ ስምንት ሰዎችና አንድ ልጅ ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1865፣ የዌልስ ልዑልና ባለቤታቸው በዚያው ጉድጓድ ወርደው ማዕድኑን ጎበኙ፤ ከዚያ በኋላ ቦታው የጎብኚ መናኸሪያ ሆነ። ስለ ቦታው የተጻፈው ብዙ ነገር ልዑሉን ያስቀድማል፤ የሞቱት ዘጠኙ ከተነሡም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከመሬት በላይ ይሠሩ የነበሩት ሴቶችና ልጃገረዶችም እንዲሁ ናቸው። ነጭ ኮፍያ ደፍተው፣ በነፋስና በዝናብ ማዕድኑን በመዶሻ ሲሰብሩ የሚውሉት እነሱ ነበሩ። አስጎብኚያችን ግን ከሞተሮቹ ይልቅ ስለነሱ ረዘም ያለ ጊዜ ወስደው ተናገሩ፤ አያታቸው ከነሱ አንዷ እንደነበሩ ያወቅነው ኋላ በምሳ ሰዓት ነው።

ከክራውንስ ከፍ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ የአርሴኒክ ማጣሪያው ፍርስራሽ አለ፤ ለእኔ ከሞተር ቤቶቹ የበለጠ አእምሮዬን የያዘው ይህ ነው። የቲኑ ማዕድን በምድጃ ሲጠበስ አርሴኒኩ ተንኖ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ በሚሄዱ ክፍሎች ሲያልፍ በግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ያንን መርዝ በአካፋ እየፋቁ የሚያወጡት ሰዎች መከላከያቸው አፍንጫቸው ውስጥ የሚወትፉት ጥጥና ቆዳቸው ላይ የሚቀቡት ሸክላ ብቻ ነበር። ምርቱ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ ጥጥ እርሻዎች ላይ ለተባይ ማጥፊያነት ይረጭ ነበር። የክፍሎቹ ቅስት በሮች ዛሬም በደንብ ይታያሉ፤ ልጆች በመካከላቸው ድብብቆሽ ይጫወታሉ።

ሌቫንት ከተባለው ማዕድን ማውጫ ስንደርስ ዝናቡ በጎን ይመታን ጀመር፤ እንዲህ ዓይነት ዝናብ ጃንጥላ አያውቅም። ደግነቱ የሞተር ቤቱ ውስጥ ይሞቃል። በ1840 የተሠራው የእንፋሎት ሞተር ማዕድኑ በ1930 ሲዘጋ ቆሞ፣ በበጎ ፈቃደኞች የዓመታት ልፋት ታድሶ ዛሬም በእንፋሎት ይንቀሳቀሳል። ጩኸት ይኖረዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የሚሰማው ግን ለስላሳ የእንፋሎት ትንፋሽና በዘይት የራሰ ብረት ቀስ ብሎ ሲንሸራተት የሚያወጣው ድምፅ ነው። የሙቅ ዘይቱ ሽታ ጃኬቴ ላይ እስከ ማታ ቆይቷል።

ከሞተሩ ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ ጠመዝማዛ ደረጃ ወርዶ በመሿለኪያ የሚደረስበት ሌላ ጉድጓድ አለ። ከ1857 ጀምሮ ቆፋሪዎች ወደ ሥራ የሚወርዱትና የሚወጡት እዚያ በነበረው የሰው ማመላለሻ ነበር። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፦ በጉድጓዱ ቁመት ልክ የተንጠለጠለ ረጅም የእንጨት ዘንግ በሞተር ኃይል አራት ሜትር ለማይሞላ ርቀት ይወጣል፣ ይወርዳል። በዘንጉ ላይ መርገጫዎች፣ በጉድጓዱ ግድግዳም በትይዩ ማረፊያዎች አሉ፤ ሰውየው ዘንጉ ሲወጣ አብሮ ይወጣና ወደ ማረፊያው ይሻገራል፣ ዘንጉ ወርዶ ሲመለስ የሚቀጥለውን መርገጫ ይይዛል። መሰላል መውጣት ጉልበትና ሳንባ ይጨርስ ስለነበር እንደ ትልቅ እፎይታ ተቆጥሮ ነበር። ጥቅምት 20 ቀን 1919 ከሰዓት በኋላ ፈረቃው ሊለወጥ ሲል፣ ዘንጉ በሰው ተሞልቶ ሳለ ከላይ የሚያያይዘው ብረት ተሰበረ። 31 ሰዎች ሞቱ። ማመላለሻው ዳግመኛ አልተሠራም፤ ሩቅና ጥልቅ የሆነው የማዕድኑ ክፍልም ተተወ። አስጎብኚያችን ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን አልለወጡም፣ ማዘኛም አልጨመሩም፤ ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ ተናግረው ዝም አሉ።

ጊቨር ከሌቫንት ጋር ጎረቤት ነው፤ ዕድሜው ግን ሌላ ነው። እስከ 1990 ድረስ የሠራ በመሆኑ የድንጋይ ፍርስራሽ አይታይበትም፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የኮንክሪት ሕንፃ ስለሆነ ፎቶ የሚወድ ሰው ቸል ይለዋል። በእኔ ግምት ግን ለጊቨር ጊዜ የማይሰጥ ጉዞ ጎዶሎ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ሰፋፊ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ የተፈጨው ድንጋይ ከውሃ ጋር ሲፈስባቸው፣ በሰፌድ እንደሚበጠር ጤፍ፣ ከባዱ ቲን በአንድ ወገን ሲቀር ቀላሉ አሸዋ ይታጠባል። የታጠበው ትራፊ ወደ ባሕር ይለቀቅ ስለነበር በሥራው ዘመን የዳርቻው ውሃ ቀይ እንደነበር አስጎብኚያችን ነገሩን፤ ዛሬ አረንጓዴና ጥርት ያለ ነው።

የሠራተኞቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሥራው ሲቆም እንደነበረ ተትቷል። ቱታው ተሰቅሏል፣ ቦት ጫማው ከሳጥኑ ሥር ነው፣ በአንዳንዱ ሳጥን በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት አልተነሣም። አስጎብኚያችን በአንደኛው ረድፍ መጨረሻ አካባቢ ቆም አሉና የራሳቸው ሳጥን የትኛው እንደነበር ተጠይቀው በአገጫቸው ጠቆሙ። ሥራው የቆመው ማዕድኑ ስላለቀ አይደለም። የቲንን ዋጋ ደግፎ ይዞ የነበረው ዓለም አቀፍ የቲን ምክር ቤት በጥቅምት 1985 ገንዘብ አልቆበት ሲወድቅ ዋጋው አብሮ ወደቀ፤ ጊቨር ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ በመጨረሻ በ1990 ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ፓምፖቹ ጠፉና ውሃው ገባ። በ1993 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

ቀደም ሲልም፣ በ1860ዎቹ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ፣ የኮርንዎል ቆፋሪዎች ወደ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ሚሺጋን፣ ኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። ሚስቶች ቀርተው በየወሩ ከባሕር ማዶ የሚላክ ገንዘብ ሲጠብቁ የኖሩባቸው መንደሮች እነዚህ ናቸው፤ ገንዘቡ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሜክሲኮዋ ሪያል ደል ሞንቴ ዛሬም የኮርንዎሉ ፓስቲ፣ ሥጋና ድንች የተሞላው ጥቅልል ሊጥ፣ ቃሪያ ተጨምሮበት ይሸጣል። እኔ የበላሁት የሴንት ጀስቱ ቃሪያ የለውም፤ ቢኖረው ይሻለው ነበር።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፦ የሌቫንት ሞተር በእንፋሎት የሚንቀሳቀሰው በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ አስጎብኚ ድርጅቱን ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑ ይገጥም እንደሆነ ጠይቁ። ጊቨር ውስጥ ዊል ሜክሲኮ የተባለው የቀድሞ ዘመን መተላለፊያ ጠባብና ዝቅተኛ ነው፤ ጎንበስ ብሎ መሄድ የሚያስቸግረው ወይም ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ውጭ ቢጠብቅ ማንም አይታዘበውም። በነሐሴ አበባው ሁሉ ይፈካል፣ ሰውም ይበዛል፤ በመስከረም ግን ባሕሩ ገና ሞቅ ያለ፣ መንገዱም ጭር ያለ ነው። ከፔንዛንስ ባቡር ጣቢያ ወደ ሴንት ጀስት አውቶቡስ አለ፤ መኪና መያዝ አያስፈልግም።