ድሬ ላይ የፕሬዚዳንት ቤት ፍለጋ

«የማንን ቤት ነው የምትፈልገው?» አለኝ የባጃጁ ሾፌር።

«የጅቡቲው ፕሬዚዳንት የተወለዱበትን።»

«ስማኤልን? አቦ፣ እሱማ የኛ ሰፈር ልጅ ነው! ገንደ ቆሬ ነው የተወለደው።»

በሁለት ቀን ውስጥ ከሱ ሌላ ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሦስቱም የተለያየ ሰፈር ነገሩኝ። አንዱ መጋላ አለ፣ አንዱ ቀፊራ። ሳንቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ ደግሞ እጇ ዱቄት ስለነበር በክርኗ ወደ ለገሃሬ ጠቆመችኝ፤ «እዚያ ጋ ነው፣ ወላሂ!» ብላ ማለችልኝ። ቤቱን እስካሁን አላገኘሁትም።

እስማኤል ኦማር ጌሌ ድሬዳዋ መወለዳቸው ግን አያከራክርም። ቀኑም ይታወቃል፤ ኖቬምበር 27 ቀን 1947። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የጅቡቲን ታሪክ ወደኛ ስመልሰው ራሴንም ያምታታኛል።) አባታቸው የምድር ባቡሩ ሠራተኛ ነበሩ። ይህንን ሳስታውስ ቤት መፈለጉን ተውኩትና በማግስቱ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ።

ጣቢያው ያለበት ሰፈር፣ ከዚራ፣ ጠዋት ጠዋት ደስ ይላል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፎቹ ከግራና ቀኝ ተቃቅፈው ጥላ ይሠራሉ። የጣቢያው በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ ሽርጥ ታጥቀዋል፣ እድሜያቸው ሰባ አምስትን ያለፈ ይመስላል። «ጋሼ፣ እርስዎ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ?» ስላቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምን እርስዎ ትለኛለህ? ብቻዬን ነኝ እኮ። እዚህ አንተ ነው የሚባለው።» ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ሰምቼ ነበር፤ ምላሴ ግን እሺ አላለኝም። እስከመጨረሻው «እርስዎ» እያልኩ፣ እሳቸውም በየመሐሉ እየሳቁብኝ ተጨዋወትን።

ከመታወቂያቸው መያዣ ውስጥ አንድ ነገር አወጡ። አውራ ጣት የምታክል ወፍራም ካርቶን ናት፤ የትኬት ተቆጣጣሪው መቀስ ጫፏን ነክሶታል፣ ጽሑፉ ከላብ ብዛት ሊጠፋ ደርሷል። ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ሦስተኛ ማዕረግ። «ሠራተኛ ስለሆንኩ በነፃ ነበር የምሄደው። ይቺን ግን ከፍዬ ነው የገዛኋት። ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ ብቻዋን በትኬት እንድትቀመጥ አልፈለግኩም።»

ድሬዳዋና ጅቡቲ የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ወጪ ይጠይቅ ነበር፤ ስለዚህ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ጣቢያ ተሠራ፣ ከተማውም በጣቢያው ዙሪያ በቀለ። ምኒልክ «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር፤ ስሙ አልያዘም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ ለዓመታት ድሬ የመስመሩ ጫፍ ነበረች። ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ እዚህ የተከማቸው በከንቱ አይደለም።

«ጅቡቲ ነፃ የወጣች ጊዜ የት ነበሩ?» ስል ጠየቅኳቸው።

«እዚሁ። ምን ፌሽታ አለ? ጦርነት ነው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጅቡቲ ሰንደቋን የሰቀለችው ጁን 27 ቀን 1977 ነው። በዚያው ዓመት የኦጋዴን ጦርነት መስመሩን ቆረጠው፤ በኦገስት የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ መጥቶ ነበር። አዲሲቱ አገር የተወለደችው ጎረቤቶቿ ሲተኳኮሱ፣ የእንጀራ ገመዷ የሆነው ሐዲድ ተበጥሶ ነው።

ያን ጊዜ የጅቡቲን መንበር የያዙት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሀሰን ጉሌድ አፕቲዶን ወደ ነፃነት የመጡት በጠማማ መንገድ ነው። ከ1952 እስከ 1958 በፈረንሳይ ሴኔት ተቀምጠዋል። በ1958ቱ ሕዝበ ውሳኔ «ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ» ብለው ቀሰቀሱ። «አይሆንም፣ ነፃ እንውጣ» ያለው መሐሙድ ሐርቢ ተሸንፎ ተሰደደ፤ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1967 ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ አሁንም «እንቆይ» አሸነፈ። ጉሌድ በኋላ ዞረው የነፃነቱ ንቅናቄ መሪ ሆኑ፤ በሜይ 1977 ከመቶ ዘጠና ስምንት በላይ የሆነው መራጭ ነፃነትን ሲመርጥ ድሉ የሳቸው ሆነ። ወረተኛ የሚላቸው ይኖራል። እኔ ግን ጊዜ ጠባቂ እላቸዋለሁ፤ ሐርቢ ጊዜውን ቀድሞ ጮኸ፣ ጉሌድ ጊዜው ሲደርስ ተናገሩ።

አገሪቱን ማቆየቱም ቀላል አልነበረም። የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለችው ኮከብ ካሏት አምስት ጫፎች አንዷ ጅቡቲን የምትወክል ነበረች። ኢትዮጵያ ደግሞ የባቡሩንና የወደቡን ነገር ዝም ብላ አታይም። ጉሌድ የፈረንሳይን ጦር አላስወጡም፤ ከሁለቱም ጎረቤት ጋር ሳይጣሉ ኖሩ። በ1986 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ከጦርነቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኙት ጅቡቲ ላይ ነው። ይህንን ስነግራቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ሁለት ዝሆን የሚያስታርቅ ሚዳቋ» አሉ።

የማልወድላቸው አለ። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አፋሩ አሕመድ ዲኒ ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዲሴምበር 1977 ሥልጣን ለቀቁ። ከዚያ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አፋር ነበሩ፤ ቁልፉ ግን ፕሬዚዳንቱ ኪስ ውስጥ ነበር። በ1981 አገሪቱ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። በ1991 የአፋር አማፂዎች ጦርነት የተነሣው ድንገት አይመስለኝም፤ ዲኒም በኋላ ከአማፂዎቹ መሪዎች አንዱ ሆኑ። በ1992 የመድብለ ፓርቲ ሕገ መንግሥት የመጣው ጥይቱ እየተተኮሰ ነው።

ጉሌድ በ1999 ወረዱ፤ በ2006 በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። የተኳቸው የሥጋ ዘመዳቸው፣ ለዓመታት የቤተ መንግሥቱንና የደኅንነቱን ሥራ የያዙት፣ የድሬው ስማኤል ናቸው። ሲገቡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት አሰብን ዘግቶ ነበርና ጭነታችን ሁሉ ወደሳቸው ወደብ ዞሮ ጠበቃቸው። ዕድል የሚባለው እንዲህ ነው! በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ተነሣ፤ በ2021 ለአምስተኛ ጊዜ ተመረጡ።

«እነሱ በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለት ፕሬዚዳንት ብቻ!» አሉኝ ሽማግሌው፤ የኛን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «መንግሥቱ፣ መለስ፣ ነጋሶ፣ ግርማ፣ ሙላቱ፣ ሣህለወርቅ፣ ታዬ።» ሌላኛውን እጅ ጀመሩ ማለት ነው።

«የኛዎቹ እኮ ከነጋሶ ወዲህ ሥልጣኑ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ። ለዚህ ይሆናላ መቀየሩ የማይከብደው» ብለው ካርቶኗን ወደ መያዣዋ መለሱ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ሱቆቹን ዘጋ፤ ድሬ ወደ በርጫዋ ገባች፣ እኔም ተኛሁ። አመሻሹ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ከተማው እንደገና ተከፈተ። ሳንቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ ከሩቅ አይታ ጠራችኝ።

«ና እስቲ! የስማኤልን ቤት እናቴን ጠየቅኳት።»

«እና ምን አለች?»

«ቀፊራ ነው አለች።» ሦስት ትኩስ ሳንቡሳ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። «እኔ ግን አልተቀበልኳትም።»